ድጎማና ጥበብ በሃርለም፦ የቀራጺና መምህርት አውጉስታ ሳቬጅ ሕይወት (1892–1962)

መግቢያ

ከያንያንን ከትምህርት ቤት ጋር ለማስተሳሰር የሚሰጥ የገንዘብ ድጎማ አብዛኛውን ጊዜ የሚመዘነው በተፈቀደው ገንዘብ መጠንና በተሳታፊ ተማሪዎች ቁጥር ነው። ገንዘቡ የትኛውን ወጪ ሸፍኖ የትኛውን እንደተወ፣ የተወው ወጪ በማን ጫንቃ ላይ እንደወደቀ፣ የድጎማው ዘመን ሲያበቃም ምን እንደተረፈ ግን እምብዛም አይመረመርም። የጥቁር አሜሪካዊቷ ቀራጺ የአውጉስታ ሳቬጅ ሕይወት ለዚህ ጥያቄ ሁነኛ ማስረጃ ያቀርባል። ሳቬጅ በአንድ የሕይወት ዘመን ውስጥ የድጎማ አመልካች፣ የድጎማ ተቀባይ፣ በመንግሥት ገንዘብ የሚተዳደር የሥነ ጥበብ ማዕከል ዳይሬክተር፣ በመጨረሻም ያለ ምንም ድጋፍ የቀረች መምህርት ሆናለች።

ይህ ጽሑፍ የሳቬጅን የሕይወት ታሪክ ከዚህ አንጻር ይከተላል። የሚያሳየውም ለከያኒና ለትምህርት ትስስር የሚሰጥ ገንዘብ ፍሬ የሚያፈራው ከክፍያው ባሻገር የከያኒውን ኑሮ፣ የሥራውን ቦታና የነገውን ቀጣይነት አብሮ ሲያስብ መሆኑን ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ሸክላና የመጀመሪያው የማስተማር ክፍያ

አውጉስታ ክርስቲን ፌልስ በፌብሩዋሪ 29 ቀን 1892 በፍሎሪዳ ግዛት ግሪን ኮቭ ስፕሪንግስ በተባለች ትንሽ ከተማ ተወለደች። ለቤተሰቡ ከተወለዱት 14 ልጆች ሰባተኛዋ ነበረች። አካባቢው ጡብ የሚመረትበትና ቀይ ሸክላ አፈር የሞላበት በመሆኑ ሕፃኒቱ ከጭቃው ዳክዬና ልዩ ልዩ እንስሳት እየቀረጸች አደገች። የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ሰባኪ የነበረው አባቷ ግን ይህን እንደ ጣዖት ሥራ ስለቆጠረው በብርቱ ይቀጣት ነበር። በ15 ዓመቷ ትዳር መሥርታ አንዲት ሴት ልጅ ወለደች፤ ባሏም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሞተ። ሳቬጅ የሚለውን ስም ያገኘችው ከሁለተኛ ባሏ ሲሆን፣ ፍቺ ከተፈጸመ በኋላም በዚሁ ስም ጸንታ ኖራለች።

ቤተሰቡ በ1915 ወደ ዌስት ፓልም ቢች በተዛወረ ጊዜ በአዲሱ መኖሪያ ለቅርጽ የሚሆን ሸክላ በቀላሉ አልተገኘም። ከአንድ የአካባቢው ሸክላ ሠሪ የተሰጣት ጭቃ ወደ ሥራዋ መለሳት። የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህርም ችሎታዋን ተመልክቶ ለተማሪዎች የሸክላ ቅርጽ እንድታስተምር ፈቀደላት፤ ላስተማረችበት ለእያንዳንዱ ቀንም 1 ዶላር ይከፈላት ነበር። ይህ መጠነኛ ክፍያ በሕይወቷ ውስጥ ትልቅ ቦታ አለው። ከያኒው ጊዜውንና እጁን ይዞ ሲመጣ፣ ትምህርት ቤቱ ደግሞ ቦታውን፣ ተማሪዎቹንና የቀን ክፍያውን ሲያቀርብ የሚፈጠረው ትስስር በትንሹ ተሟልቶ የታየው በዚህ ክፍል ውስጥ ነበርና። ሳቬጅ ማስተማርን እንደ ሙያ የተቀበለችው ራሷ በቀራጺነት ገና ሳትሠለጥን ነው።

በ1919 በፓልም ቢች አውራጃ ትርኢት ላይ ያቀረበቻቸው ቅርጾች የ25 ዶላር ሽልማት አስገኙላት። የትርኢቱ ኃላፊም ወደ ኒው ዮርክ ሄዳ በሥርዓት እንድትማር መከራት። በ1921 ኒው ዮርክ ስትደርስ በእጇ የነበረው ገንዘብ 4 ዶላር ከ60 ሳንቲም ብቻ እንደነበር ይነገራል።

ያልተሟሉ ዕድሎች

በኒው ዮርክ የተቀበላት ኩፐር ዩኒየን የተባለው ተቋም ለተማሪዎቹ ከክፍያ ነጻ ትምህርት ይሰጥ ነበር። ሳቬጅ በችሎታዋ ብዙ ተጠባባቂዎችን ቀድማ ገባች። ሆኖም ትምህርቱ ነጻ ቢሆንም ኪራይና ምግብ ነጻ አልነበሩም። በቤት ጠባቂነት የምትሠራበት ሥራ በተቋረጠባት ጊዜ ትምህርቷን ልታቆም ተቃረበች። በዚህን ጊዜ የተቋሙ አማካሪ ጉባኤ የመኖሪያና የቀለብ ወጪዋን ለመሸፈን ወሰነ። ከዚህ ውሳኔ በኋላ አራት ዓመት የሚፈጀውን ትምህርት በሦስት ዓመት ውስጥ ጨረሰች። ችሎታ፣ ነጻ ትምህርትና ትጋት በአንድነት ተገኝተው እንኳ የዕለት ኑሮ ካልተሸፈነ ውጤት እንደማይሰጡ ይህ ክስተት በግልጽ ያመለክታል።

ሁለተኛው ፈተና በ1923 መጣ። ሳቬጅ በፈረንሳይ አገር በፎንቴንብሎ ለአሜሪካውያን በሚሰጠው የክረምት የሥነ ጥበብ ትምህርት ለመሳተፍ አመለከተች። አሜሪካውያን የሚገኙበት የመራጮች ኮሚቴ ጥቁር መሆኗን ሲያውቅ ማመልከቻዋን ውድቅ አደረገ። ለዚህ ከተሰጡት ምክንያቶች አንዱ ከደቡብ ግዛቶች የመጡ ነጭ ተማሪዎች ከእርሷ ጋር አብረው መጓዝና መኖር ይከብዳቸዋል የሚል ነበር። ሳቬጅ በደሉን በዝምታ አላለፈችውም፤ ጉዳዩን ለጋዜጦች አሳውቃ ሰፊ ክርክር አስነሣች። ውሳኔው ባይለወጥም ከኮሚቴው አባላት አንዱ የነበረው ቀራጺ ኸርመን ማክኒል ተጸጽቶ በራሱ የሥራ ክፍል እንድትማር ጋበዛት። ለሙግቷ ግን ዋጋ ከፍላለች። በሥነ ጥበብ ዓለም አስቸጋሪ ሰው ተደርጋ መታየቷ የኤግዚቢሽንና የሽያጭ በሮችን ለብዙ ጊዜ አጥብቦባታል።

ሦስተኛው ፈተና ከሁለተኛው ይልቅ ለጥናታችን ጉዳይ የቀረበ ነው። በ1925 በሮም በሚገኘው የንጉሣዊ የሥነ ጥበብ አካዳሚ የመማር ዕድል አገኘች፤ ታዋቂው ምሁር ደብሊው ኢ ቢ ዱ ቦይስም በዚህ ረድቷታል። ዕድሉ የትምህርቱን ክፍያ ይሸፍን ነበር፤ የመርከብ ጉዞንና የኑሮ ወጪን ግን አያጠቃልልም። በልብስ ንጽሕና ቤት እየሠራች ቤተሰቧን ትደግፍ የነበረች ሴት ይህን ገንዘብ ከየትም ልታመጣ አልቻለችም። ስለሆነም ዕድሉ ሳይሠራበት ቀረ። በ1923 የተዘጋባት በር በዘር መድልዎ መዘጋቱ ለሁሉም የታየ ነበር። በ1925 ግን በሩ ክፍት ሆኖ ሳለ መግባት አልቻለችም። ግማሹን ወጪ ብቻ የሚሸፍን ድጎማ፣ የቀረውን ግማሽ ከኪሱ ማውጣት የማይችለውን ሰው ያለ ምንም ክልከላ ያስቀረዋል።

የሮዘንዋልድ ድጋፍና የፓሪስ ዓመታት

ሁኔታው የተለወጠው ሳቬጅ በሰፈሯ ጎዳና ከሚታዩ ልጆች የአንዱን መልክ የሚያሳይ ጋሚን የተባለ ትንሽ የራስ ቅርጽ በሠራች ጊዜ ነው። ቆቡን አጣሞ የደፋው የዚህ ልጅ ምስል በ1929 የጁሊየስ ሮዘንዋልድ ፈንድን ድጋፍ አስገኘላት። ይህ ተቋም በ1917 የተመሠረተ ሲሆን በደቡብ ግዛቶች ለጥቁር ሕፃናት ወደ 5,000 የሚጠጉ የትምህርት ቤት ሕንጻዎች እንዲሠሩ አግዟል፤ ለግንባታውም የየአካባቢው ሕዝብ የራሱን ድርሻ እንዲያዋጣ ይጠይቅ ነበር። በ1928 ለጥቁር ምሁራንና ከያንያን በግል የሚሰጥ ድጋፍ ጀመረ። ለሳቬጅ መጀመሪያ የተፈቀደላት 1,500 ዶላር ሲሆን ከጥቂት ጊዜ በኋላ ወደ 1,800 ዶላር ከፍ ተደርጎላታል።

ይህ ገንዘብ ከሮሙ ዕድል የሚለየው ኑሮዋን ታሳቢ ያደረገ በመሆኑ ነው። ለጉዞው የሚጎድለውን ደግሞ ኅብረተሰቡ ሞላው። በሃርለምና በግሪንዊች ቪሌጅ የገንዘብ ማሰባሰቢያ ግብዣዎች ተዘጋጁ፤ የጥቁር ሴቶች ማኅበራትና የፍሎሪዳ መምህራንም የአቅማቸውን ላኩ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ እንደሚባለው ሁሉ፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንዲት የልብስ አጣቢ የማይቻል የነበረው ጉዞ በብዙዎች እጅ ተቃለለ።

በፓሪስ በግራንድ ሾሚዬር አካዳሚና በግል መምህራን ዘንድ ተማረች፤ ሥራዎቿም በታወቁ ኤግዚቢሽኖች ታዩ። የሮዘንዋልድ ድጋፍ ታደሰላት፤ ከካርኔጊ የተገኘ ተጨማሪ ገንዘብም በፈረንሳይ፣ በቤልጅግና በጀርመን እየተዘዋወረች ቅርሶችን እንድትመለከት አስቻላት። ወደ ኒው ዮርክ ስትመለስ ግን አገሪቱ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ተመትታ አገኘቻት። ሐውልት የሚገዛ ሰው አልነበረም።

ከግል ድጎማ ወደ ሰፈር ትምህርት ቤት

ሳቬጅ በዚህ ጊዜ የወሰደችው እርምጃ በታሪክ ውስጥ ያላትን ስፍራ ወስኗል። በግሏ ያገኘችውን ሥልጠና ለራሷ ሥራ ብቻ ከማዋል ይልቅ በሃርለም 143ኛ ጎዳና በሚገኝ ምድር ቤት የሳቬጅ የሥነ ጥበብና የእደ ጥበብ ስቱዲዮን ከፈተች። በሩ ለመሳል፣ ለመንደፍ ወይም ለመቅረጽ ለሚሻ ሁሉ ክፍት ነበር። ከካርኔጊ የተገኘ 1,500 ዶላርም ለልጆች የሚሰጠውን ትምህርት ደገፈ።

በዚህ ስቱዲዮ ካለፉት መካከል ሠዓሊው ኖርማን ሉዊስ፣ ቀራጺው ዊልያም አርቲስና ሠዓሊቷ ግዌንዶሊን ናይት ይገኙበታል። ኋላ በሥነ ልቦና ሊቅነቱ የታወቀውና ጥናቱ በ1954 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የትምህርት ቤቶችን የዘር ክፍፍል በሻረበት ክርክር በማስረጃነት የቀረበው ኬኔት ክላርክም በእርሷ ዘንድ ተምሯል። ይህ የሚያሳየው የስቱዲዮው ዓላማ ከያኒ ማፍራት ብቻ እንዳልነበረ ነው። ወደ ሙዚየም ለመግባት ዕድል የሌለው የድኻ ሰፈር ልጅ እጁ ምን ሊሠራ እንደሚችል እንዲያይ ማድረግም የትምህርቱ አካል ነበር።

ሳቬጅ የተማሪዎቿን ጉዳይ እስከ መንግሥት መሥሪያ ቤት ድረስ ትከታተል ነበር። ለዚህ የሠዓሊው የጄኮብ ሎረንስ ታሪክ ዋና ምሳሌ ነው። በድቀቱ ዘመን የፌዴራል መንግሥት ለሥራ አጦች ሥራ ለመስጠት ባቋቋመውና ደብሊው ፒ ኤ በሚባለው ድርጅት ሥር የሥነ ጥበብ ፕሮጀክት ነበር። ሳቬጅ ወጣቱን ሎረንስን ወደ ፕሮጀክቱ ቢሮ ወስዳ ለማስቀጠር ብትሞክር ዕድሜው ከ21 በታች በመሆኑ ተመለሰ። ሎረንስ ነገሩን ረስቶት ሳለ እርሷ ግን ዓመቱን ጠብቃ በ1938 እንደገና ወሰደችው። በሳምንት 23 ዶላር ከ86 ሳንቲም እየተከፈለው ለ18 ወራት ያህል ያለ ሥጋት ሣለ። ጥቁሮች ከደቡብ ወደ ሰሜን ያደረጉትን ፍልሰት በ60 ሥዕሎች የተረከበትን ታላቅ ሥራውን ያከናወነው ከዚያ በኋላ በ1940 እና በ1941 ሲሆን፣ የደገፈውም ሳቬጅን ወደ ፓሪስ የላከው ያው የሮዘንዋልድ ፈንድ ነበር። በመምህርቷና በተማሪው መካከል የተላለፈው የእጅ ጥበብ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል። ድጋፍ እንዴት እንደሚጠየቅ፣ የየትኛው ቢሮ በር መቼ እንደሚንኳኳ የሚያውቅ ልምድም አብሮ ተላልፏል።

የሃርለም የማኅበረሰብ ሥነ ጥበብ ማዕከል

ሳቬጅ በ1935 ከሌሎች ከያንያን ጋር የሃርለም አርቲስቶች ማኅበርን በማቋቋም ተሳተፈች። ማኅበሩ ጥቁር ሠዓልያን በፌዴራሉ ፕሮጀክት በብዛት እንዲቀጠሩና በኃላፊነት ቦታም እንዲቀመጡ ግፊት አደረገ። የዚህ ግፊት አንዱ ፍሬ በ1937 መጨረሻ በሌኖክስ አቬኑና በ125ኛ ጎዳና መገናኛ ላይ የተከፈተው የሃርለም የማኅበረሰብ ሥነ ጥበብ ማዕከል ነው። ሳቬጅ የመጀመሪያዋ ዳይሬክተር ሆነች፤ በምረቃውም የፕሬዚዳንቱ ባለቤት ኤሊኖር ሩዝቬልት ተገኝታለች።

ማዕከሉ ከግል ስቱዲዮው የሚለየው በሁለት ነገር ነበር። አንደኛ፣ መምህራኑ ደመወዝተኞች በመሆናቸው ከያኒው ለማስተማር ያዋለው ጊዜ ከኑሮው የሚቀነስ መሆኑ ቀረ። ሁለተኛ፣ ቦታውና ቁሳቁሱ በመንግሥት ወጪ በመሟላቱ ሥዕል፣ ቅርጻ ቅርጽ፣ ሕትመት፣ ሽመናና ሌሎችም ትምህርቶች ያለ ክፍያ ለልጅና ለአዋቂ ለመስጠት ተቻለ። ከ1,500 በላይ ተማሪዎች ተመዘገቡ። በመላ አገሪቱ ደብሊው ፒ ኤ ላቋቋማቸው ከ100 በላይ ማዕከላትም የሃርለሙ ማዕከል በአርአያነት ይጠቀስ ነበር።

ይሁን እንጂ የዚህ ሁሉ መሠረት ጊዜያዊ ነበር። ገንዘቡ የተመደበው ሥራ አጥነትን ለመቀነስ እንጂ የሥነ ጥበብ ትምህርትን በቋሚነት ለማደራጀት አልነበረም። ስለዚህ የማዕከሉ ዕድሜ ከመጀመሪያው የታሰረው ከሥራ አጥነቱ ዕድሜ ጋር ነበር። ዳይሬክተሯም ሌላ ዋጋ ከፍላለች። አስተዳደሩ፣ ማስተማሩና ለከያንያን መሟገቱ የወሰደው ጊዜ የራሷን ቅርጾች የምትሠራበት ጊዜ ነበር።

በገናውና የተዘጋው በር

በ1939 በኒው ዮርክ ለሚካሄደው ዓለም አቀፍ ትርኢት ሐውልት እንድትሠራ በተመረጠች ጊዜ ከማዕከሉ ኃላፊነቷ ፈቃድ ወሰደች። የሠራችውም ቁመቱ 16 ጫማ፣ ማለትም ወደ 5 ሜትር የሚጠጋ፣ የበገና ቅርጽ ያለው ሥራ ነው። ጄምስ ዌልደን ጆንሰን ከጻፈውና ጥቁር አሜሪካውያን እንደ ብሔራዊ መዝሙራቸው ከሚያዩት ግጥም የተነሣው ይህ ሐውልት፣ በቁመት የተደረደሩ ዘማሪ ወጣቶችን እንደ በገና አውታር፣ የእግዚአብሔርን ክንድና እጅ ደግሞ እንደ መሣሪያው አካል አድርጎ ያሳያል። ትርኢቱን የጎበኙ ብዙዎች አደነቁት፤ ትናንሽ ቅጂዎቹም ለመታሰቢያ ተሸጡ።

ሐውልቱ የተሠራው ግን በጀሶ ነበር። በነሐስ ለማስቀለጥ የሚበቃ ገንዘብ አልተገኘም፤ የሚቀመጥበት ቦታ የሚከራይለትም አልነበረም። ትርኢቱ በ1940 ሲያበቃ ሐውልቱ ከሌሎች ጊዜያዊ ግንባታዎች ጋር ፈረሰ። ሳቬጅም ወደ ማዕከሉ ለመመለስ ስትፈልግ የዳይሬክተርነቱ ቦታ በሌላ ሰው ተይዞ አገኘችው። በ1939 የጥቁር ከያንያንን ሥራዎች ለማሳየትና ለመሸጥ በሃርለም የከፈተችው የግል ጋለሪም በገንዘብ እጦት ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተዘጋ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሥራ ዕድሉን ሲያሰፋና የመንግሥትን ገንዘብ ወደ ጦር ሜዳ ሲያዞር የፌዴራሉ ፕሮጀክት ከሰመ፤ ደብሊው ፒ ኤ በ1943 ሲያበቃ የሃርለሙ ማዕከልም የለም።

በገናውና ማዕከሉ የጠፉት በአንድ ዓይነት ምክንያት ነው። ለሁለቱም የመሥሪያ ገንዘብ ተሰጥቷል፤ ለሁለቱም የማቆያ ገንዘብ አልታሰበም። ሐውልቱ ነሐስ፣ ማዕከሉ ደግሞ ቋሚ በጀት ጎደላቸው።

ሳቬጅ በ1940ዎቹ አጋማሽ ከኒው ዮርክ ከተማ በስተ ሰሜን ወደምትገኘው ሶገርቲስ ተዛውራ በአንድ አነስተኛ የገጠር ቤት መኖር ጀመረች። በዚያም በጥቂቱ ትቀርጽ፣ በክረምት ካምፖችም ልጆችን ታስተምር ነበር። በማርች 1962 በኒው ዮርክ አረፈች። አብዛኞቹ ሥራዎቿ በጀሶና በሸክላ የቀሩ በመሆናቸው ዛሬ በሙዚየም የሚገኙት ጥቂቶች ናቸው።

ማጠቃለያ

የሳቬጅ ሕይወት ለከያኒና ለትምህርት ትስስር የሚሰጥ ድጎማን በተመለከተ ሦስት ነገሮችን ያስገነዝባል። ድጎማው የትምህርቱን ክፍያ ብቻ ሸፍኖ ኑሮን ሲተው የሚደርሰው ቀድሞውኑ አቅም ላለው ሰው ነው፤ የኩፐር ዩኒየንና የሮም ታሪኮች የተለያየ ፍጻሜ ያገኙት በዚህ ልዩነት ነው። የማስተማር ጊዜ ካልተከፈለበት ሸክሙ በከያኒው የግል ሥራ ላይ ይወድቃል፤ ክፍያው ቢኖርም አስተዳደሩን የሚጋራ ሰው ከሌለ ይኸው ጉዳት በሌላ መንገድ ይመለሳል። ሥራውን ለማስጀመር የተሰጠ ገንዘብ ደግሞ ለማቆየት የሚሆነውን አብሮ ካላሰበ የተገነባው ሁሉ ከድጎማው ዘመን አያልፍም።

ከዚህ ሁሉ የተረፉት ሰዎች ናቸው። ጄኮብ ሎረንስ በበኩሉ ለብዙ ዓመታት በዩኒቨርሲቲ አስተማረ፤ የፍልሰት ሥዕሎቹም በሁለት ታላላቅ የአሜሪካ ሙዚየሞች ይገኛሉ። ሳቬጅ ራሷም መታሰቢያዋ በተማሪዎቿ ሥራ ውስጥ እንደሚኖር ታምን ነበር፤ በዚህም አልተሳሳተችም። ይሁን እንጂ ይህን እምነት ለተቋማቱ ማመካኛ አድርጎ መውሰድ አይገባም። ተማሪዎቿ የዘለቁት ሥርዓቱ ስለጠበቃቸው ሳይሆን አንዲት መምህርት ዓመት ቆጥራ፣ እጃቸውን ይዛ ወደ ቢሮ ስለወሰደቻቸው ነው። የድጎማ መርሐ ግብር የሚነድፍ ተቋም ሊመልሰው የሚገባው ጥያቄም ከዚህ ይነሣል፤ ይኸውም እንዲህ ያለች መምህርት ባልተገኘች ጊዜ በዕድሜው ማነስ ከቢሮው ደጃፍ የተመለሰውን ልጅ በሚቀጥለው ዓመት ማን ይፈልገዋል የሚለው ነው።